የጎልፍ ጨዋታ አለቃ የቶም ሞሪስ ታሪክ

በስኮትላንድ አገር በምሥራቅ ባሕር ዳር ሴንት አንድሩስ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟም ከሐዋርያው ከቅዱስ እንድርያስ የተወሰደ ነው። በከተማይቱ አጠገብ ባለው አሸዋማ መስክ ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምረው ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጨዋታውም ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ተራርቀው ወደ ተቈፈሩ ጉድጓዶች ማግባት ነው። ለአገራችን ሰው የገና ጨዋታና ሩሩ ትዝ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን በጎልፍ እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይመታል እንጂ የባላጋራውን አይነጥቅም፤ በጥቂት ምት የፈጸመም ያሸንፋል።

ቶም ሞሪስ በዚህች ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ዓ.ም. ከሸማኔ ቤት ተወለደ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው።) በወጣትነቱም በዘመኑ ከተጫዋቾች ሁሉ ይበልጣል ይባል ለነበረው ለኳስ ሠሪው ለአላን ሮበርትሰን ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ። በዚያን ጊዜ ኳስ የሚሠራው ቆዳ ሰፍቶ የዝይ ላባ እየጠቀጠቁ በመሙላት ስለ ነበረ፥ ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር፤ አንድ ሠራተኛም በቀን ከጥቂት በላይ ሠርቶ አያወጣም፤ ዋጋውም ውድ ነበረ። በ1848 ግን ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ በሙቅ ውሃ ለዝቦ የሚድበለበል ርካሽ ኳስ መጣ። ሮበርትሰን እንጀራዬን ይወስድብኛል ብሎ ጠላው። ቶምም አንድ ቀን በአዲሱ ኳስ ሲጫወት ስለ ተገኘ፥ ጌታውና እርሱ ተጣልተው ተለያዩ። ነገሩ ግን ጌታው እንደ ፈራው አልሆነም፤ ርካሹ ኳስ ገንዘብ የሌለውንም ሰው ወደ ጨዋታው ስለ አስገባ ገበያው ሰፋ፤ ሮበርትሰንም ራሱ በኋላ ያንኑ ኳስ ሠራ።

በ1851 ኮሎኔል ፌርሊ የሚባል ባላባት ቶምን በምዕራብ ባሕር ዳር ወዳለው ወደ ፕሬስትዊክ አስጠራው፤ እርሱም በዚያ 12 ጉድጓድ ያለውን ሜዳ ቀይሶ ጠባቂ ሆነ። ሮበርትሰን በ1859 ቢሞት፥ ከእርሱ ቀጥሎ አለቃ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ለመለየት በ1860 በፕሬስትዊክ ውድድር ተደረገ፤ ሽልማቱም የብር ዘለበት ያለው ቀይ የቆዳ መታጠቂያ ነበረ። ስምንት ተጫዋቾች በቀረቡበት በዚያ ቀን ቶም በሁለት ምት ብቻ በዊሊ ፓርክ ተሸነፈ፤ ነገር ግን በ1861፥ በ1862፥ በ1864ና በ1867 አሸነፈ። በ1862 ከተከታዩ በ13 ምት በልጦ ነበር። የመጨረሻውን ድል ባገኘ ጊዜ ዕድሜው 46 ነበረ፤ በዚህ ውድድር በእርሱ ዕድሜ ያሸነፈ እስከ ዛሬ የለም።

በማግሥቱ ዓመት ያሸነፈው የ17 ዓመቱ ልጁ ትንሹ ቶም ነው፤ አባቱም ሁለተኛ ወጣ። ልጁ ከ1868 እስከ 1870 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ስለ አሸነፈ መታጠቂያው እንደ ደንቡ ለዘወትር ገንዘቡ ሆነ፤ በ1871ም የሚሸለም ነገር ጠፍቶ ውድድሩ ቀረ። በ1872 እንደ ገና ሲጀመር ድሉ የእርሱ ነበረ።

አባትዮው በ1864 የሴንት አንድሩስ ማኅበር በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ ሜዳውን እንዲጠብቅ ቀጥሮት ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ ነበር። የተሰጠውም መሣሪያ ጋሪና አካፋ ነው። ሜዳው ከብዙ መረገጥ የተነሣ ተጎድቶ ነበርና በሣሩ ላይ አሸዋ እየበተነ አፈሩን አደሰ፤ በጉድጓዶቹም ዙሪያ አዲስ መደብ ሠራ። እሑድ ቀን ማንም እንዳይጫወት አደረገ፤ ሰው ዕረፍት ባይሻ ሣሩ ይሻል ባይ ነበር። ያ ሜዳ ታላቅ ውድድር ካልሆነ በቀር እስከ ዛሬ እሑድ ይዘጋል። በየአገሩም እየተጠራ በቀን በአንድ ፓውንድ ሜዳ ይቀይስ ነበር፤ በሰሜን ስኮትላንድ ያለው የዶርኖክ፥ በአየርላንድም ያለው የካውንቲ ዳውን ሜዳ የእጁ ሥራ ያለባቸው ናቸው።

በ1875 በሴፕቴምበር ወር አባትና ልጅ በኖርዝ በርዊክ ከፓርክ ወንድማማቾች ጋራ ሲጫወቱ፥ የልጁ ሚስት በምጥ መጨነቋን የሚናገር ቴሌግራም መጣ። ጨዋታውን አሸንፈው ባሕሩን በጀልባ ተሻገሩ፤ ቤት ሲደርሱ ግን እናትም ሕፃንም ሞተው አገኟቸው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 25፥ በልደት ቀን ጧት፥ ትንሹ ቶም በ24 ዓመቱ በአልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሐዘን ገደለው ሲል አባቱ ግን አልተቀበለውም ይባላል፤ ሐዘን የሚገድል ቢሆን እርሱ ራሱ በሕይወት ባልተገኘ ነበርና።

በ1876 ሚስቱ ሞተች፤ የቀሩትንም ልጆቹን በ1893፥ በ1898ና በ1906 ቀበረ። በዚህ ሁሉ ዘመን በበጋም በክረምትም ጧት በባሕር እየታጠበ ወደ ሜዳው ይወጣ ነበር። በ1903 ሥራውን ሲለቅ ማኅበሩ ደመወዙን አላቋረጠበትም፤ ሥዕሉንም አሥሎ በቤቱ ሰቀለው። በ1908 በሜይ 24 ቀን፥ በ86 ዓመቱ፥ በአንድ የተጫዋቾች ቤት ከደረጃ ወድቆ ሞተ፤ በፈረሰው ካቴድራል ግቢም፥ 60 የጎልፍ ማኅበሮች ገንዘብ አዋጥተው ለልጁ ባቆሙት ሐውልት ሥር ተቀበረ።