ከንፈሩ የነጻ ነቢይ፦ የኢሳይያስ ሕይወትና የጾመ ነቢያት ትርጉም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾመው ጾመ ነቢያት የክርስቶስን መምጣት አስቀድመው የተናገሩ ነቢያት የሚታሰቡበት ወቅት ነው። ከእነርሱ መካከል ስለ አማኑኤል ልደት በተናገረው ትንቢት የታወቀው ኢሳይያስ ነው። ትንቢቱ በየዓመቱ ቢነበብም፣ ትንቢቱን የተናገረው ሰው የኖረው ሕይወት ያን ያህል ትኩረት አያገኝም። ይህ አጭር ጽሑፍ የነቢዩን ሕይወት በመከተል፣ ከትንቢቱ የቀደመው ንጽሕና ምን ዓይነት እንደ ነበረ ለማሳየት ይሞክራል።

ኢሳይያስ የአሞጽ ልጅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ የይሁዳ ነገሥታት ዖዝያን፣ ኢዮአታም፣ አካዝና ሕዝቅያስ በነገሡበት ዘመን ተነበየ። ሚስቱ ነቢይት ተብላለች፤ ለልጆቹም መልእክት ያዘለ ስም አውጥቶላቸዋል። ሁለተኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕል የዖዝያንን ቀሪ ታሪክ የጻፈው እርሱ እንደ ሆነ ይገልጻል፤ ይህም ለቤተ መንግሥቱ የነበረውን ቅርበት ያመለክታል።

ይኸው መጽሐፍ ዖዝያን በኃይሉ ታብዮ፣ የካህናቱን ድርሻ ተዳፍሮ በቤተ መቅደስ ሊያጥን እንደ ገባ ይተርካል። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተቃወመው፤ የንጉሡም ግንባር በለምጽ ተመታ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በተለየ ቤት ተቀመጠ። በዚህ ትረካ ውስጥ የኢሳይያስ ተቃውሞ አልተጠቀሰም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መምህራን ዘንድ የሚነገረው ትውፊት ግን፣ ነቢዩ ወዳጁን ንጉሥ ባለመገሠጹ ከንፈሩ ላይ ለምጽ እንደ ወጣበትና ሀብተ ትንቢቱ እንደ ተወሰደበት ያስተምራል። ዖዝያን በሞተበት ዓመት ኢሳይያስ እግዚአብሔርን በከፍተኛ ዙፋን ላይ ተቀምጦ አየ፤ የከንፈሩንም ርኩሰት ተናዘዘ። ከሱራፌል አንዱ ከመሠዊያው በጉጠት በወሰደው ፍሕም አፉን ዳሰሰው። ራእዩ ከትውፊቱ ጋር ሲነበብ፣ የከንፈሩ ርኩሰት ክፉ መናገሩ ሳይሆን መናገር ሲገባው ዝም ማለቱ ይሆናል። ስለዚህም ንጽሕናው ወዲያው መላክን አስከተለ።

ከዚያ በኋላ ኢሳይያስ በነገሥታት ፊት ዝም አላለም። የሶርያና የእስራኤል ነገሥታት በኢየሩሳሌም ላይ በተነሡ ጊዜ፣ በልብስ አጣቢው እርሻ መንገድ አካዝን አግኝቶ እንዳይፈራ መከረው፤ የአማኑኤል ስም የተነገረውም በዚህ የጭንቀት ወቅት ነው። አካዝ ግን የአሦርን ንጉሥ ርዳታ መረጠ። በኋላም ነቢዩ በግብፅና በኩሽ መታመን ከንቱ መሆኑን ለማሳየት ሦስት ዓመት ራቁቱንና ባዶ እግሩን ሄደ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ይሁዳን በወረረ ጊዜ ሕዝቅያስን አጽናና። ይኸው ንጉሥ ግምጃ ቤቱን ለባቢሎን መልእክተኞች ባሳየ ጊዜ ደግሞ፣ ሀብቱ ሁሉ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ፊት ለፊት ነገረው። ለዖዝያን ያልተነገረው ተግሣጽ ለሕዝቅያስ ተነገረ።

ስለ አሟሟቱ ብሉይ ኪዳን አይናገርም። በአይሁድም በክርስቲያኖችም ትውፊት ግን በንጉሥ ምናሴ ዘመን በመጋዝ ተሰንጥቆ ሞተ። ይህን የሚተርከው ዕርገተ ኢሳይያስ የተሰኘው መጽሐፍ በሙሉ ይዘቱ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ ሪቻርድ ሎረንስም የግእዙን ቅጂ በ1819 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ አሳትሞታል። ቤተ ክርስቲያን ነቢዩን መስከረም 6 ቀን ታስበዋለች።

በርካታ የዘመናችን ተመራማሪዎች ከምዕራፍ 40 ጀምሮ ያለውን የመጽሐፉን ክፍል በኋላ ዘመን ለተነሡ ጸሐፍት ይሰጣሉ። ያም ሆኖ መጽሐፉ በንጽሕና ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። በምዕራፍ 1 መታጠብ ማለት ለድሃ አደግ መፍረድና ስለ መበለት መሟገት ነው፤ በምዕራፍ 58 ደግሞ እውነተኛ ጾም የበደልን እስራት መፍታትና እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው። ከዚህ አንጻር ጾመ ነቢያትን ከጥሉላት በመከልከል ብቻ የሚተረጉም ጥናት የነቢዩን ግማሽ ይተዋል። በኢሳይያስ ሕይወት የነጻው ከንፈር የተሰጠው ለምስጋና ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ዝም ላለበት ተግሣጽም ነበር፤ የጾሙ ጥናትም ይህን ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል።