የደም ዓይነቶችን ያገኙት ሐኪምና የውሃ ምርመራ

ኤ፣ ቢና ኦ የሚባሉትን የደም ዓይነቶች ለይተው ያገኙት ዶክተር ካርል ላንድሽታይነር ናቸው። ለዚህም በ1930 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ብዙ ዓመት የደከሙበት ሌላው ሥራቸው ግን እምብዛም አይነገርለትም።

በ1868 ኦስትሪያ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ጋዜጠኛ የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበሩ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገቡ። በ1891 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ከተመረቁ በኋላ ኬሚስትሪ ደግሞ ተማሩ፤ ለኋላው ሥራቸው የጠቀማቸው ይኸው ይመስለኛል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ውስጥ ኑሮ ሲከብድ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሆላንድ ሄዱ። ያን የመሰለ ሊቅ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ሽንትና ደም ሲመረምር ቆየ። የተማረ ስደተኛ ምን እንደሚገጥመው ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቆይተው ኒውዮርክ የሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ወሰዳቸው።

ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት አንቲቦዲ የተባለ መከላከያ ያበጃል። በጣም ትንንሽ ኬሚካሎች ብቻቸውን ሲገቡ ግን ይህን አያስነሱም። ላንድሽታይነር ትንሹን ኬሚካል ከፕሮቲን ጋር አያይዘው ጥንቸል ሲወጉበት፣ የጥንቸሏ ሰውነት ያንኑ ኬሚካል ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አበጀ።

ዛሬ ውሃ የሚመረመረው በዚሁ መንገድ ነው። አትራዚን የተባለው የአረም መድኃኒት ከእርሻ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ3 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በአንቲቦዲ የሚሠራው ምርመራ ይህን ያህል ጥቂት ነገር እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ በአጭር ጊዜ ያሳያል። ቀለም የሚያወጣ ነገር የተያያዘበት አትራዚን ከውሃው ጋር ይጨመርና፣ ይህና በውሃው ውስጥ ያለው አትራዚን አንቲቦዲውን ይሻማሉ። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙ ሲፈዝ ብክለቱ በርትቷል። ቢደምቅም ውሃው ከአትራዚን ነጻ ነው ማለት ነው እንጂ ሌላ መርዝ የለበትም ማለት አይደለም። አንቲቦዲው የአትራዚንን የቅርብ ዘመዶችም ሊይዝ ስለሚችል፣ ብክለት የታየበት ውሃ በላቦራቶሪ እንደገና መመርመር አለበት።

ላንድሽታይነር ይህን ለማየት አልታደሉም። በሰኔ 1943 ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ሥራ ላይ ሳሉ ልባቸውን ታመሙና ከሁለት ቀን በኋላ በ75 ዓመታቸው አረፉ።