መምህር ብራውንና የመዳብ ጥቅሉ

ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እንደኛው መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 በጀርመን አገር ፉልዳ ተወልዶ፣ በ1874 በላይፕሲክ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ለወጣቶችም የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሐፍ ጻፈላቸው።

ዝነኛው ሥራው በ1897 በስትራስቡርግ የሠራው ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲመላለስ በዓይን አይታይም፤ እሱ ግን ማየት ፈለገ። አየሩ በተመጠጠ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሮን ጨረር ለቀቀ፤ ከውጭ በቱቦው አንገት አጠገብ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አስጠጋ። በጥቅሉ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት ይሆንና ጨረሩን ያጥፈዋል፤ ጫፉ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብም ላይና ታች ትዘላለች። ወደ ጎን የሚዘረጋትን ደግሞ ረዳቱ ዜኔክ በ1899 ጨመረ።

ጥቅሉን መሥራት ያስፈራል እንዴ? የመንዝ እናቶች ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር ፈትለው ልቃቂት ሲያደርጉ ያየ ሰው አይፈራም። ዋናው ነገር የሽቦው ልባስ እንዳይላጥ ነው፤ ከተላጠና ዙሮቹ ከተነካኩ ልፋት ሁሉ ከንቱ!

አዲስ አበባ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ስታይ ሥዕሉ የመጣው በዚሁ ዓይነት ቱቦ ነው። ብራውን ግን ቱቦውን በፓተንት አላስመዘገበውም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ከማርኮኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነው። በ1914 መጨረሻ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ኒውዮርክ ሄደ፤ ጦርነቱ መመለሻ ዘጋበት። በ1918 አገሩን ሳያይ እዚያው ብሩክሊን ሞተ።