ዳምኮለርና የምድጃው ሒሳብ

ጌርሃርድ ዳምኮለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በጀርመን አገር ክሊንገንሙንስተር በምትባል መንደር ተወለደ። የኬሚካል መሐንዲሶች ሁሉ ስሙን ያውቁታል፤ ከእነርሱ ውጭ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ የሚገባው አይመስለኝም።

በጐቲንገን ከፕሮፌሰር አርኖልድ ኦይከን ዘንድ ሲሠራ፣ የፋብሪካ ሰዎችን ያስጨነቀ አንድ ጉዳይ ያዘ። የማዳበሪያ መነሻ የሆነው አሞኒያ የሚሠራው ጋዙን ካታሊስት በሞላበት ምድጃ ውስጥ በማሳለፍ ነው፤ ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካሉን ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። በቤተ ሙከራ ጣት በምታህል ቱቦ የተሳካው ሥራ ግን ምድጃው ሲተልቅ ይበላሻል፤ መካከሉ ከልክ በላይ ይግላል፤ ካታሊስቱም ኃይሉን ያጣል።

የቦረናን ኤላ ያየ ሰው የነገሩ ምሥጢር አይጠፋውም። ከቡሌ ሆራ ወደ ሞያሌ ሲወርዱ፣ በዱብሉቅ አካባቢ፣ ጐልማሶች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ በየደረጃው ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ፤ ከብቱም ከላይ ከገንዳው ይጠጣል። ገንዳው ቶሎ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ከብት መጨመር ትርፍ የለውም፤ መጨመር ያለበት አቀባይ ነው። ገንዳው ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ አቀባይ ማብዛት ከንቱ ድካም ነው። ዳምኮለር በ1936 እና በ1937 ዓ.ም. ባወጣቸው ጽሑፎች ይህንኑ በምድጃው ውስጥ በቁጥር መዘነ፤ የለውጡን ፍጥነት ጋዙ ከሚደርስበት ፍጥነት ጋር፣ የሚፈጠረውንም ሙቀት ከሚወጣው ሙቀት ጋር አነጻጸረ። ንጽጽሩ ዛሬ የዳምኮለር ቁጥር ይባላል።

ከሒሳቡ አንድ መራራ ነገር ወጣ፤ ምድጃው ሲተልቅ እነዚህን ንጽጽሮች ሁሉ ባንድነት እንደነበሩ መጠበቅ አይቻልም። ትልቁ የትንሹ ብዜት አይደለም። (ይህን ፕላን አውጪዎች እንዲያስቡበት እተውላቸዋለሁ።) ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ የሠራው በእርሳስና በወረቀት ነበር።

በ1937 ዓ.ም. በብራውንሽቫይግ ወደሚገኘው የአቪዬሽን ምርምር ተቋም ተዛውሮ ስለ ነበልባል ማጥናት ጀመረ። በጦርነቱ መካከል፣ በመጋቢት 1944 ዓ.ም.፣ በ36 ዓመቱ ሞተ። የሙያው ሰዎች በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአውሮፓ ጉባኤ አምስተርዳም ላይ ሲያደርጉ፣ እርሱ ካረፈ 13 ዓመት ሆኖት ነበር።