ለሞተር እስትንፋስ ልክ ያበጁት ቪልሄልም ማይባህ

በሐረር ከተማ ከጀጎል ግንብ ጥንታዊ በሮች አንዱ በሆነውና ስሙን ወደ ሸዋ ከሚወስደው መንገድ ባገኘው ሸዋ በር አካባቢ፣ የከተማዋ መለያ እስከመሆን የደረሱት ፔጆ 404 ታክሲዎችና ከእነርሱ በኋላ የመጡት ባለ ሦስት እግር ባጃጆች ገበያተኛውን ሲያመላልሱ ኖረዋል። ተሽከርካሪዎቹ በአምራች፣ በዘመንና በጉልበት ቢለያዩም ካርቡራቶር የተገጠመላቸው ሁሉ በአንድ ነገር ይዛመዳሉ። ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው የዚህ መሣሪያ የአሠራር መርህ ከ130 ዓመታት በፊት የተገኘ ሲሆን፣ በዚህ ግኝት ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ከሚነሳው መካከል ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ ይገኙበታል።

ማይባህ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 በደቡብ ጀርመን ሃይልብሮን ከተማ ከአናጢ ቤተሰብ ተወለዱ። አሥር ዓመት ሲሞላቸው እናታቸውንም አባታቸውንም በሞት አጥተው ነበር። የማሳደጉን ኃላፊነት የወሰደው በሮይትሊንገን ከተማ ቄስ ጉስታቭ ቬርነር ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ከመመገብና ከማልበስ አልፎ በራሱ ወርክሾፖች ሙያ ያስተምር ስለነበር፣ ታዳጊው ማይባህ የማሽን ንድፍ መሥራት የጀመሩት እዚያው ነው። ማታ ማታም የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ይከታተሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1863 የድርጅቱን ወርክሾፕ እንዲመሩ የተመደቡት መሐንዲስ ጎትሊብ ዳይምለር የወጣቱን ችሎታ ለመገንዘብ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ዳይምለር እስኪሞቱ ድረስ በሥራ አልተለያዩም ማለት ይቻላል። ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1872 በኮሎኝ አቅራቢያ ወደሚገኘው የዶይትስ ጋዝ ሞተር ፋብሪካ ሲዛወሩ ማይባህም አብረው ሄደው የንድፍ ክፍሉን በኃላፊነት መርተዋል። ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የሠሩት ባለ አራት ምት ሞተር ለምርት እንዲበቃ ያደረገውም ይኸው ክፍል ነው።

የዚያን ጊዜው ሞተር ግን እጅግ ከባድና ዘገምተኛ ከመሆኑ የተነሳ በአንድ ቦታ ተተክሎ ከመሥራት በቀር ለተሽከርካሪ የሚሆን አልነበረም። ዳይምለርና ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1882 ከዶይትስ ለቀው በሽቱትጋርት አጠገብ ካንሽታት በተባለ ሥፍራ፣ በአንድ የአትክልት ቤት ውስጥ ትንሽና ፈጣን የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ተነሱ። ሥራው በምሥጢር ይካሄድ ስለነበር ሐሰተኛ ገንዘብ ያትማሉ የሚል ጥርጣሬ ተነስቶ ፖሊስ ቤቱን እስከመፈተሽ ደርሷል። ፖሊሶቹ ያገኙት ግን የሞተር ክፍሎችንና የሥራ መሣሪያዎችን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ሞተሩ በባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በሠረገላ ላይ ተገጥሞ ተሞከረ።

ከዚህ ሞተር የተገኘው ቀጣዩ ሞዴል ፈቃድ ባገኙት ፓናርና ሌቫሶር አማካይነት በፈረንሳይ መመረት ሲጀምር፣ አርማን ፔጆ የመጀመሪያዎቹን የቤንዚን መኪኖቻቸውን የሠሩት በዚሁ ሞተር ነው። የሐረር ታክሲዎች የፔጆ ስም የዘር ሐረግ በዚህ በኩል ከማይባህ የሥራ ጠረጴዛ ጋር ይገናኛል።

ያም ሆኖ አንድ ችግር ሳይፈታ ቆይቶ ነበር። በቀደሙት ካርቡራቶሮች አየሩ በቤንዚን ላይ እያለፈ ተኑን ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። የተኑ መጠን ከአየር ጠባዩና ከነዳጁ ዓይነት ጋር ስለሚለዋወጥ ሞተሩ አንዴ ይጠግባል፣ አንዴ ይራባል። ፍጥነትም ሆነ ጉልበት የሚጨምረው ይህ ጉዳይ መፍትሔ ሲያገኝ ብቻ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ማይባህ ከኩባንያው ውጭ በነበሩበት ወቅት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1890 የዳይምለር ሞተር ኩባንያ ሲመሠረት ገንዘብ ያዋጡት ባለ አክሲዮኖች ለማይባህ ያቀረቡት የሥራ ውል ተቀባይነት የሌለው ስለነበር በ1891 ለቀው ወጥተዋል። ከዚያም በዳይምለር ድጋፍ፣ በካንሽታት በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ምርምራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1893 የሠሩት ካርቡራቶር በተንሳፋፊ አማካይነት የቤንዚኑን ከፍታ እኩል የሚጠብቅ ሲሆን፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ቤንዚኑን ከቀጭን ቀዳዳ አውጥቶ እንደ ጉም ይረጨዋል። በዚያው ዓመት ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ መሣሪያ መሥራታቸው በታሪክ ተመዝግቧል።

ኩባንያው ያለ ሁለቱ ሰዎች መራመድ ስላቃተው እ.ኤ.አ. በ1895 መልሶ ጠራቸው። ዳይምለር እ.ኤ.አ. በማርች 1900 ካረፉ በኋላ፣ ማይባህ በነጋዴው ኤሚል ዬሊኔክ ትዕዛዝ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው አዲስ መኪና ነደፉ። በዬሊኔክ ልጅ ስም መርሴዲስ የተባለው ይህ መኪና ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ለእያንዳንዱ ጥንድ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራቶር ነበረው። ሙቀቱን የሚያበርደው የማር እንጀራ የመሰለ ራዲያተርም የማይባህ ሥራ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በማርች 1901 በኒስ ከተማ በተካሄዱት ውድድሮች ድል ሲነሳ ፈረንሳዮች ማይባህን የንድፍ ሠሪዎች ንጉሥ እስከማለት ደርሰዋል።

ክብሩ ግን በኩባንያው ውስጥ አልዘለቀላቸውም። ከዳይምለር ሞት በኋላ ሥልጣናቸው ቀስ በቀስ ተቀንሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ዳግም ለቀው ወጡ። በአገራችን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገብተው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲቀርቡ፣ ማይባህ ከመኪና ፋብሪካ ውጭ የሚገኙ የ61 ዓመት ሰው ነበሩ።

እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ አየር መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለካውንት ዜፔሊን አየር መርከቦች ሞተር የሚሠራ ድርጅት አቋቁመው የቴክኒክ አመራሩን ለልጃቸው ለካርል አስረከቡ። ካርል ማይባህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የሠሩት ሞተር አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ጉልበቱን እንዳያጣ ታስቦ የተነደፈ ነበር። በመሬት አቅራቢያ በሙሉ ኃይሉ እንዳይሠራ ተገድቦ፣ ሙሉ አቅሙን የሚያሳየው ከፍታ ላይ ሲደርስ ነው።

የከፍታ ጉዳይ ለአገራችን ከተሞች እንግዳ አይደለም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ከድሬዳዋም በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይሻል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ የሚረጨው ቤንዚን ከሚያገኘው አየር ስለሚበልጥ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ዳገት ላይም ይደክማል። ይህን ያየ አሽከርካሪ ጉልበት ለመጨመር የነዳጅ ቀዳዳውን ቢያሰፋ ችግሩን ያባብሳል፤ የሚበጀው አነስ ያለ ቀዳዳ ነው። የአየር ማጣሪያውን ቢያወልቅ ደግሞ አቧራ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ነዳጁ ሳይመጠን አየሩ ብቻ ከልክ በላይ ከበዛም ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ሊጎዳ ይችላል። በሌላው ዓለም ለገጠር ሥራና ለውድድር በሚውሉት ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሎች ላይ የአየር መግቢያውን የሚያሰፉ ባለሙያዎችም የነዳጁን ልክ አብረው ካላስተካከሉ የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ስለሆነም በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ወቅት የሚታይ ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ የልክ መዛባት ምልክት ነው። ዋጋውም በባለ ንብረቱ የነዳጅ ወጪና በጠባብ መንገዶች ዳር በሚኖረው ሕዝብ ሳንባ ይከፈላል።

ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1916 ከሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የክብር ዶክትሬት ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመታቸው አርፈው በካንሽታት ከዳይምለር መቃብር አጠገብ ተቀብረዋል። ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የካርቡራቶርን ቦታ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ወስዶታል። ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ የሚያሰላው ግን ያው ማይባህ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲፈልጉት የነበረውን የአየርና የነዳጅ ልክ ነው።