ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና በፌንዌይ ስታዲየም ዙሪያ የተነሡት ፎቆች

የከተማ ሥራ ከሠሪው ዕድሜ ይረዝማል። ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ ሲያረጅ ለማየት ይበቃ ይሆናል፤ ረግረግ አቅንቶ፣ ወንዝ መርቶ፣ ዛፍ ተክሎ የሚያልፍ ሰው ግን የድካሙን ፍሬ የሚያዩለት የልጅ ልጆቹ ናቸው። ፍሬውም ዘወትር እርሱ ካሰበው ጋር አንድ አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱ ባጭሩ የሚተረክለት አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ለዚህ ጉዳይ ጉልህ ምሳሌ ነው። በቦስተን ከተማ ይሸት የነበረን ረግረግ ወደ መናፈሻነት ለወጠ፤ መናፈሻውም ለአካባቢው መሬት ዋጋ ሰጠው፤ እርሱ ካረፈ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው ሰፈር ፌንዌይ ፓርክ የተባለው የቤዝቦል ስታዲየም ተሠራ፤ ዛሬ ደግሞ በስታዲየሙ ዙሪያ ረጃጅም ፎቆች ተነሥተዋል። ከዚህም ለሙያችን የሚበጁ ሁለት ጥያቄዎች ይመነጫሉ፤ ይኸውም የሕዝብ ሥራ የፈጠረው የመሬት ዋጋ ለማን ይገባል? ዋጋውን ያስገኘውንስ ሥራ ማን ይጠብቀዋል? የሚሉት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን።

ኦልምስቴድ ኤፕሪል 26 ቀን 1822 ዓ.ም. በኮኔክቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ እናቱ የሞተችበት አራት ዓመት ሳይሞላው ነበር። አባቱ የገጠርን ውበት የሚወድ ሰው ስለነበረ ልጁን በጋሪ እየያዘ በየመንደሩ ያዞረው ነበር። ኦልምስቴድ በልጅነቱ መርዛም ቅጠል ነክቶ ዐይኑን በመታመሙ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕቅዱ ተሰናከለ፤ ከአንድ መምህር ዘንድ ጥቂት የመሬት ቅየሳ ከመማሩ በቀር ምሕንድስናን በመደበኛ ትምህርት አልቀሰመም። በ1843 ዓ.ም. መርከበኛ ሆኖ ወደ ቻይና ሄደ፤ ከዚያ ከተመለሰም በኋላ አባቱ በገዛለት እርሻ ላይ ገበሬ ሆነ። አፈር፣ ውሃና ተክል እንዴት እንደሚስማሙ የተማረው በዚህ ዘመን ነው።

በ1850 ዓ.ም. እንግሊዝን በእግሩ ሲጎበኝ በሊቨርፑል ማዶ የሚገኘውን የበርከንሄድን መናፈሻ አየ። ይህ መናፈሻ በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ የተሠራ ከመሆኑም በላይ የአሠራሩ ስልት ልዩ ነበር። የከተማው ሹማምንት ለመናፈሻው ከሚያስፈልገው የበለጠ መሬት ገዝተው፣ መናፈሻውን መካከል ላይ አድርገው፣ በዙሪያው የተረፈውን ለመኖሪያ ቤት በመሸጥ ወጪያቸውን እንዲተካ አደረጉ። ዛፍና ሣር የመሬትን ዋጋ እንደሚያንሩ፣ ይህም ዋጋ ወደ ሕዝብ ሣጥን ሊመለስ እንደሚችል ኦልምስቴድ የተረዳው ከዚያ ነው ለማለት ይቻላል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ባሪያ ያሳድሩ የነበሩትን የደቡብ ግዛቶች ተዘዋውሮ በመጎብኘት ሥርዓቱ ምድሩንም ሰውንም እንዴት እንደሚያደኸይ የሚያሳዩ ጽሑፎች ለኒው ዮርክ ጋዜጣ ጻፈ፤ በዚህም ስሙ ታወቀ።

በ1857 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለሚሠራው ለሴንትራል ፓርክ የሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ከእንግሊዝ ተወላጁ አርክቴክት ከካልቨርት ቮክስ ጋር ያቀረበው ንድፍ ከ30 በላይ ተወዳዳሪዎችን አሸነፈ። የንድፉ ዋና ብልሃት መናፈሻውን የሚያቋርጡትን አራት መንገዶች ከመሬት በታች ዝቅ አድርጎ በማሳለፍ፣ የጋሪው ግርግር ሕዝቡ የሚናፈስበትን ስፍራ እንዳይነካ ማድረጉ ነበር። የፓርኩ ሹማምንት ደግሞ በፓርኩ ዙሪያ የሚገኙትን ሦስት ቀበሌዎች የመሬት ግምት ከዓመት ዓመት ይመዘግቡ ነበር። በ1856 ዓ.ም. ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው ግምት በ1873 ዓ.ም. ወደ 236 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ኦልምስቴድም ይህን መዝገብ እንደ ማስረጃ በማቅረብ፣ ከጭማሪው የሚሰበሰበው ግብር የፓርኩን ዕዳ ከፍሎ ይተርፋል ሲል ተከራከረ።

ይሁን እንጂ ይኸው ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። ሴንትራል ፓርክ በተሠራበት መሬት ላይ አስቀድሞ ወደ 1,600 የሚጠጉ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ሴኔካ ቪሌጅ የተባለችው የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ቤተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤት ነበሯት። የኦልምስቴድ ንድፍ ከመመረጡ በፊት በ1857 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ካሣ እየተሰጣቸው እንዲለቁ ተደረገ። የዋጋው ዕድገት በመዝገብ ሲሰፍር የእነርሱ ድርሻ አብሮ አልተቆጠረም።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ኦልምስቴድ የሰሜኑን ጦር ጤንነት የሚጠብቀው ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ሆኖ ከ1861 እስከ 1863 ዓ.ም. ሠራ። ከቆሻሻ ውሃና ከጭቃ የሚነሣ በሽታ ከጥይት የበለጠ ወታደር ሲፈጅ ያየው በዚህ ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በብሩክሊን፣ በቡፋሎ፣ በቺካጎና በዋሽንግተን ታላላቅ ሥራዎችን ሠራ። በ1878 ዓ.ም. ግን በከተማው ፖለቲካ ምክንያት ከኒው ዮርክ ሥራው ተሰናበተ። የቦስተን ሰዎች እርዳታውን የጠየቁት በዚሁ ዓመት ነው።

ቦስተን በአብዛኛው ከባሕር ላይ ተወስዶ በተሞላ መሬት ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ባክ ቤይ የተባለው ሰፈር ከ1850ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባቡር እየተጓጓዘ በሚመጣ አሸዋና ጠጠር ተሞላ፤ ቤቶቹም በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሙ። ሳይሞላ በቀረው በምዕራቡ ጫፍ ሙዲ ሪቨርና ስቶኒ ብሩክ የተባሉት ሁለት ወራጆች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ይገናኙ ነበር። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ሲሞላ ፍሳሹን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ሲጎድል ደግሞ የሚከረፋ ጭቃ ይተዋል። የመናፈሻ ኮሚሽኑ በዚህ ስፍራ ላይ የንድፍ ውድድር ቢያወጣም፣ ለሽልማት የበቃው ንድፍ ለውሃው ጉዳይ መፍትሔ ስላልነበረው ሥራው ለኦልምስቴድ ተሰጠ።

ኦልምስቴድ ጉዳዩን ያየው በመጀመሪያ እንደ ፍሳሽ ሥራ፣ ቀጥሎ እንደ መናፈሻ ነው። ከከተማው መሐንዲስ ከጆሴፍ ዴቪስ ጋር በመመካከር ቆሻሻው ውሃ በቱቦ ተጠልፎ ወደ ሌላ እንዲሄድ፣ የባሕሩ ውሃ በበር እየተለካ እንዲገባና እንዲወጣ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥልም ጎርፉ የሚተኛበት ሰፊ ገንዳ እንዲኖር ዐቀደ። በገንዳው ዳርቻ ጨዋማ ውሃ የሚችሉ ሣሮችን አስተከለ። በሰው እጅ የተቆፈረው ስፍራ ለተመልካች ከጥንት ጀምሮ የነበረ የባሕር ዳር ረግረግ መሰለ። እርሱም መናፈሻ ተብሎ እንዳይጠራ ፈልጎ ስሙን ፌንስ አለው፤ ትርጉሙም ረግረግ ማለት ነው። በዳርቻው ያለፈው መንገድ ፌንዌይ ተባለ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ከፌንስ ተነሥቶ እስከ ፍራንክሊን ፓርክ የሚዘልቀው የመናፈሻዎች ሰንሰለት በሚቀጥሉት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ተሠራ። ኦልምስቴድ ራሱ በ1883 ዓ.ም. ቤቱንና ቢሮውን ወደ ጎረቤቷ ብሩክላይን አዛወረ።

በ1895 ዓ.ም. የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ በመሄዱ ሥራውን ለልጆቹ ተወ። የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በቤልሞንት በሚገኘው የማክሊን ሆስፒታል ሲሆን፣ ለዚህ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ቀደም ሲል በአማካሪነት ሠርቶ ነበር። ኦገስት 28 ቀን 1903 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው ታሪክ ነው። በ1910 ዓ.ም. በቻርልስ ወንዝ አፍ ላይ የተሠራው ግድብ የባሕሩን ውሃ ከፌንስ አገደ። ግድቡ ለከተማው ጠቃሚ ነበር፤ ሆኖም ጨው የለመዱት ተክሎች ጠፉ፤ የኦልምስቴድ ንድፍ የቆመበት መሠረትም ተናደ። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ የቦስተን ሬድ ሶክስ ቡድን ባለቤቶች ከፌንስ በስተሰሜን በኤፕሪል 20 ቀን ስታዲየማቸውን ከፈቱ። ቡድኑን የያዘው የቴይለር ቤተሰብ በፌንዌይ መሬት በሚነግድ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ስለሆነም የስታዲየሙ ስም ሰፈሩንም መሬቱንም ያስተዋውቅ ነበር። ቤዝቦል ኳስ በዱላ እየተመታ የሚካሄድ፣ ሰፊ ሜዳ የሚፈልግ ጨዋታ ነው። በፌንዌይ ግን መንገዶቹ አስቀድመው ተቀይሰው ስለነበር ሜዳው በተገኘው ቦታ ልክ ተጣሞ ተሠራ። በግራ በኩል የቆመውና 11 ሜትር ከፍታ ያለው ታዋቂው አረንጓዴ ግድግዳም የመጣው ከዚህ ጥበት ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከስታዲየሙ አጠገብ የነበረ ታላቅ መደብር የመኪና ማቆሚያ ሲፈልግ የሙዲ ሪቨር አንድ ክፍል በቱቦ ውስጥ ተቀበረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ለብዙ ዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረው ወንዝ በኦክቶበር 1996 ዓ.ም. ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው፤ በስታዲየሙ አቅራቢያ ያለው የኬንሞር የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እንኳ በውሃ ተሞላ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የተቀበረውን ወንዝ ቆፍረው ወደ ገጸ ምድር መለሱት። ስፍራውን ለጎርፍ መተኛ እንዲሆን ያዘጋጀው ሰው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ በብዙ ወጪ ተመልሶ ተሠራበት።

ስታዲየሙም ከመፍረስ ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1999 ዓ.ም. የቡድኑ ባለቤቶች አሮጌውን ትተው አጠገቡ አዲስ ለመሥራት ዕቅድ አወጡ፤ ሕዝቡም ተቃወመ። በ2002 ዓ.ም. ቡድኑን የገዙት አዲስ ባለቤቶች ግን ማደስን መረጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ስታዲየሙ በአገር አቀፍ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። ስታዲየሙ እንደሚቆይ ሲረጋገጥ በዙሪያው ያለው መሬት ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በቦይልስተን ጎዳና ላይ የነበሩት ዝቅተኛ ሱቆችና የመኪና ማቆሚያዎች እየፈረሱ በምትካቸው ፎቆች ተሠሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በ2018 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ባለ 30 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከተማው በስታዲየሙ ዙሪያ ወደ 2 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ የሚጠጋ ስፋት ያላቸውን ሕንፃዎች ግንባታ ፈቀደ። ከዚህ ዕቅድ ባለቤቶች አንዱ ራሱ ስታዲየሙን የያዘው ድርጅት ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ጥፋት ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ አይሆንም። መኖሪያ ቤት በሚያጥርበት ከተማ፣ በባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በመኪና ማቆሚያ ፈንታ ሰው የሚኖርበት ፎቅ መቆሙ ተገቢ ነው። ጥያቄው በብርሃኑ፣ በውሃውና በገንዘቡ ላይ ነው። ስለ ብርሃኑ ስንመለከት፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቦስተን ኮመንና በፐብሊክ ጋርደን ላይ አዳዲስ ፎቆች የሚጥሉትን ጥላ የሚወስን የግዛት ሕግ አለ፤ ሕጉ የወጣው ግን ለእነዚህ ሁለት መናፈሻዎች ነው እንጂ ለፌንስ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ይኸው ሕግ ለአንድ ፎቅ ሲባል እንዲላላ ተደረገ፤ በምትኩ ከተማው ለፎቁ ከሸጠው የሕዝብ ቦታ ካገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለቦስተን ኮመንና ኦልምስቴድ ለነደፈው ለፍራንክሊን ፓርክ ማደሻ ተመደበ። ጥላው ያረፈበት መናፈሻ ከጥላው ዋጋ ድርሻ አገኘ ማለት ነው። ልውውጡ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ የሙያው ሰዎች ይለያያሉ፤ ሒሳቡ በግልጽ መቅረቡ ግን በበጎ የሚታይ ነው።

ኦልምስቴድ የመሬት ዋጋ ጭማሪን በመዝገብ አስደግፎ ሲከራከር፣ ግብሩ ብቻ ዕዳውን ይከፍላል ብሎ ያምን ነበር። የበርከንሄድ ሰዎች ያደረጉትን፣ ማለትም የዙሪያውን መሬት አስቀድሞ በሕዝብ እጅ ማድረግን፣ በአሜሪካ ሊያደርገው አልቻለም። በፌንስ ዙሪያ ያለው ቦታ ከመጀመሪያው በግል እጅ ስለነበረ፣ ረግረጉ ሲቀና የናረው ዋጋ ለባለቦታዎቹ ሆነ፤ ለመናፈሻው እንክብካቤ ግን ቋሚ ድርሻ አልተቀመጠለትም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በስታዲየሙ አጠገብ የሚነሣ እያንዳንዱ ፎቅ በዚያ ባልተዘጋ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ ሰው ሕይወት የሙያ ጓደኞቻችን የሚወስዱት ትምህርት በሥራ ቅደም ተከተል ሊገለጥ ይችላል። መንገድ፣ ግድብ ወይም መናፈሻ ሲታቀድ በዙሪያው የሚገኘው መሬት ዋጋ አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ከሚጨምረውም ለሥራው ጥገና የሚውለው ድርሻ ገንቢው ፈቃድ ከመቀበሉ በፊት ይወሰን፤ በስፍራው የሚኖሩትም ሰዎች በዚሁ መዝገብ ውስጥ ይቆጠሩ። ውሃ የሚተኛበት ስፍራ ለጊዜው ባዶ ቢመስልም ባዶ ቦታ ተብሎ በካርታ ላይ አይጻፍ። የፎቁም ቁመት ሲፈቀድ በጸደይና በክረምት ቀናት ጥላው የሚያርፍበት ቦታ በሥዕል ይታይ። ኦልምስቴድ በፌንስ ውሃውን ከሁሉ አስቀድሞ አጠና፤ ዛፎቹን የተከለው ከዚያ በኋላ ነው።