ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩና የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሰበታን ካለፈ በኋላ ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና ምድሩ እየተዘረጋ ይሄዳል። ይህ የበቾ ሜዳ ነው፤ የተጂ ከተማም የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። በክረምት አዋሽ ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ በመስከረም ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጤፉም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር ያለው አገር ሰው የሚራብበት አይመስልም። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ ዓመታት በዚህ ሜዳም ሆነ በሱሉልታና በቡራዩ ዙሪያ ከሚያርሱት መካከል ብዙዎቹ የመሬቱ ባለቤቶች አልነበሩም። ጢሰኛው ምርቱ ከአውድማ ሲነሣ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር፤ አሥራቱም ይጠየቅ ነበር፤ በበዓል ቀን የሚቀርብ መባ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሥራም ነበረበት። ልጁን ለማስተማር ቢያስብ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ሚስቱ በምጥ ብትያዝ ክሊኒኩ ከዚያም ይርቃል።

ይህ ሕዝብ ግን መረዳዳትን ከማንም የተማረ አልነበረም። ደቦው፣ ጅጊው፣ ወንፈሉና ዕድሩ ነበሩት። ከብቱ ያለቀበት ወይም ቤቱ የተቃጠለበት ወገን በኦሮሞ ባህል ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት ከዘመዱና ከጎረቤቱ ከብትና እህል እየተዋጣለት ይቋቋም ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር እነዚህን በየመንደሩ የተበተኑ መረዳጃዎች አገናኝቶ ትምህርት ቤትና መንገድ ለማሠራት የሚችል፣ በሕግ ፊት የቆመ ማኅበር ነበር። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር የተወለደው ከዚህ ጉድለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምናየው ሰው ማኅበሩን የመሠረቱት አይደሉም፤ ሆኖም ያለ እርሳቸው ስም ማኅበሩን፣ ያለ ማኅበሩም እርሳቸውን የሚያነሣ ሰው ዛሬ የለም።

ታደሰ ብሩ የተወለዱት በሸዋ፣ በሰላሌ ምድር፣ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው። የጣልያን ወረራ የደረሰው ገና በወጣትነታቸው ነበር። ተይዘው ወደ ሞቃዲሾ ተወሰዱና በእስር ቆዩ፤ የእንግሊዝ ጦር በ1933 ዓ.ም. ያቺን ከተማ በያዘ ጊዜ ነፃ ወጥተው ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ በዚያም የውትድርና ትምህርት ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያ በጦር ሠራዊቱ፣ ቀጥሎም በፖሊስ ሠራዊት አገለገሉ። ሥርዓት አክባሪ፣ ሥልጠና ላይ ጠንካራ፣ ለንጉሠ ነገሥቱም ታማኝ የሆኑ መኮንን እንደ ነበሩ ወዳጅም ጠላትም ይመሰክርላቸዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መንግሥቱን ለመገልበጥ በሞከሩ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመዋል። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ፣ ከዚያም የፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዥና የብሔራዊ ጦር አዛዥ ሆኑ፤ የብርጋዴር ጄኔራልነትንም ማዕርግ አገኙ።

ከዚህ ዘመናቸው ዓለም የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ የውትድርና ሥልጠና ለመውሰድ በስውር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ሲቀመጡ፣ በኃላፊነት የተቀበሏቸው በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ግድም ሲቋረጥ፣ ለተሰናባቹ እንግዳ ሽጉጥ ከነጥይቱ በስጦታ ሰጥተዋቸዋል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ይተርከዋል። ለእኛ አንባብያን ግን ከሽጉጡ ይልቅ ፊደሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጄኔራሉን ሕይወት የለወጠው እርሱ ነውና።

በፖሊስ ሥራቸው ላይ የብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሊቀ መንበርነት ተጨምሮባቸው ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችለውን ሕዝብ ቍጥር ለመቀነስ በየአውራጃው ሲዘዋወሩ፣ የገጠሩን ኑሮ ከመኪና መስኮት ሳይሆን ከመሬት ላይ ተመለከቱት። በሰፊው እንደሚተረከው፣ ስለዚሁ ዘመቻ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር ሲነጋገሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሮሞውን ለማስተማር መቸኮል እንደማይገባ አሳሰቧቸው። ጄኔራሉ ኦሮሞ መሆናቸውን አላወቁም ነበር ይባላል፤ በአማርኛ ንግግራቸውና በአኗኗራቸው ብዙ ሰው እንደ አማራ ይቈጥራቸው ስለ ነበር። ይህ ንግግር ወደ እኛ የደረሰው በሰሚ ሰሚ ስለ ሆነ ቃል በቃል ልንይዘው አይገባም። ነገር ግን በጄኔራሉ ልብ ውስጥ አንድ ነገር መሰበሩን ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ያረጋግጣል።

ማኅበሩ በ1955 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሲጀመር በጣት የሚቈጠሩ የተማሩ ሰዎች፣ መኮንኖችና ነጋዴዎች የመሠረቱት ነበር። ሊቀ መንበሩ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ፣ የሥራው ነፍስ ደግሞ የሕግ ባለሙያው ኃይለ ማርያም ገመዳ ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማኅበራት የከፈቱትን በር ተጠቅመው ነው የቆሙት። ስሙንም ያወጡት ከሁለቱ የኦሮሞ ዘርፎች፣ ከሜጫና ከቱለማ ነው፤ የበቾ፣ የሰበታ፣ የሱሉልታና የሰላሌ ሕዝብ ከቱለማ፣ ከአምቦ ወደ ምዕራብ ያለው ደግሞ ከሜጫ ነውና። በሩ ግን ለእነዚህ ብቻ የተከፈተ አልነበረም። ከአሩሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌና ከወለጋም ሰዎች ገቡበት።

መሥራቾቹ ጄኔራሉን ደጋግመው ቢጋብዟቸውም መጀመሪያ ላይ አመንትተው ነበር። አያስደንቅም፤ ከፍተኛ ሹመት ላይ ያለ መኮንን በእንዲህ ያለ ስብሰባ መታየቱ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። በ1956 ዓ.ም. ማብቂያ ግን ገቡ። ሲገቡም ሙሉ ልባቸውን ይዘው ገቡ።

የማኅበሩ አሠራር ለቁምስና ማኅበራት አባላት እንግዳ አይሆንባችሁም። አባል የሚሆን ሰው መዋጮውን ይከፍላል፤ በየወረዳው ያለው ቅርንጫፍ የአካባቢውን ችግር ይመረምራል፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዲሠራ ይታቀዳል፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው ጉልበቱን ያዋጣል። ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከባለ መሬቱ ፊት ቀና ብሎ ለመናገር ያልለመደ ጢሰኛ በሺሕ ሰው መካከል ተነሥቶ ስለ መንደሩ ችግር ሲናገር፣ ያዋጣው ብር በስሙ ተመዝግቦ ሲነበብለት ምን እንደሚሰማው ማሰብ ያስፈልጋል። የማኅበር መዝገብ የያዛችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ድኻው ሰው ስሙ በትክክል መጻፉን ከሀብታሙ ይልቅ አጥብቆ ይጠይቃል።

ስብሰባዎቹ በከተማ አዳራሽ ብቻ አልቀሩም። በሸዋ ገጠሮች፣ በአሩሲም በዴራና በኢተያ በተደረጉት ጉባኤዎች የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው ይቀመጣሉ፤ በአደባባይ ንግግር ያልተለመደው የኦሮሞ ቋንቋ ይሰማል። ጄኔራሉ በዚህ መካከል ቆመው ስለ ፊደልና ስለ መተባበር ሲያስተምሩ፣ ትእዛዝ መስጠት የለመደ ሰው አስረድቶ ማሳመንን መማር ነበረበት። ከሁሉ ሥራቸው ከፍ አድርጌ የምመለከተው ይህን ነው። ጥቂት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአባላቱ ቍጥር እስከ 300,000 ደርሶ ነበር የሚሉ አሉ፤ ቍጥሩ ቢጋነን እንኳ በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ በፊት ይህን ያህል የገጠር ሕዝብ በፈቃዱ መዋጮ እየከፈለ የገባበት ማኅበር ማግኘት ያስቸግራል።

በነገራችን ላይ ይህ ሐሳብ በዚያ ዘመን የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ባወጡት ማቴር ኤት ማጂስትራ በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ስለ ገበሬዎች ሰፋ ያለ ክፍል ጽፈው፣ ገበሬዎች የኑሯቸው መሻሻል ዋነኛ ሠራተኞች ራሳቸው መሆናቸውን አስገንዝበው፣ የኅብረት ሥራና የሙያ ማኅበራትን እንዲያቋቁሙ አደፋፍረዋል። የሜጫና ቱለማ መሥራቾች ያንን መልእክት አንብበዋል ለማለት አልደፍርም። ግን የዚያኑ ዘመን ጥያቄ ነበር የያዙት።

መንግሥቱ በሁለት ልብ ይመለከታቸው ነበር። በአንድ በኩል መረዳጃ ማኅበርን መከልከል ያስነቅፋል፤ እንዲያውም በ1958 ዓ.ም. ማብቂያ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን የሚፈቅድ አዋጅ ቍጥር 241 ወጥቶ ነበር። በሌላ በኩል ወዲያው በ1959 ዓ.ም. መባቻ የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ቍጥር 321 ታውጆ፣ ማኅበራት ሁሉ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ቍጥጥር ሥር እንዲገቡ ተደረገ። የገበሬዎችን ጉባኤ የሚመራው የፖሊስ ጄኔራል መሆኑ ለባለሥልጣናቱ ሥጋት ነበር። ሥጋቱ ከንቱ ነበር ብሎ መደምደምም አይቻልም። መንግሥት ጄኔራሉን ንጉሠ ነገሥቱን ለማስወገድ አሢረዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ስለ ዘመኑ ከጻፉት አንዳንዶቹም በጉዳዩ ውስጥ እውነት እንዳለበት ይቀበላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ክሱ ማኅበሩን ለማፍረስ የተዘጋጀ ነው ይላሉ። በኅዳር 1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሲኒማ አምፒር ቦምብ ፈነዳ፤ መሪዎቹም ተያዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። ወጣቱ መኮንን ማሞ መዘምር ተሰቀለ። ኃይለ ማርያም ገመዳ በእስር ቤት በደረሰባቸው ጉዳት ሕይወታቸው አለፈ። ጄኔራል ታደሰ ብሩ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸውና በሐረርጌ ወደ ገለምሶ በግዞት ተላኩ። ማኅበሩም ታገደ። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልስጥ። የማኅበር መሪ በልቡ ሌላ መንገድ ሲይዝ፣ ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤት እንጂ ስለ ሌላ ነገር ያላሰበው፣ ከጤፉ ሽያጭ ላይ ቀንሶ መዋጮውን የከፈለው ገበሬም ነው። ይህ ማለት ግን ዳኞቹን ነፃ ማውጣት አይደለም። በግልጽና በሕግ የሚሠራውን ሥራ በጥርጣሬ የሚያጠብብ መንግሥት ሰዎችን ወደ ስውር መንገድ የሚገፋው ራሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይገባናል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጄኔራሉ ከግዞት ተፈቱ። ግን ከወታደራዊው መንግሥት ጋር ሊስማሙ አልቻሉም፤ ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ወደ ምዕራብ ሸዋ ገጠር ገቡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቍጥር 31 ወጣ። በአንድ አዋጅ የሲሶና የእኩል አራሽነት ሥርዓት ተሻረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። የበቾ፣ የሰበታና የሱሉልታ ጢሰኛ ሲናፍቀው የኖረው መሬት መጣለት፤ ማኅበሩም አብሮ መጣለት። የአሁኑ ማኅበር ግን በራሱ ፈቃድ ያቋቋመው ሳይሆን ከላይ በትእዛዝ የተዘረጋለት ነበር፤ ልዩነቱንም ውሎ አድሮ በእህል ኮታውና በሰፈራው ጊዜ አየው።

ጄኔራል ታደሰ ብሩና ኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ በምዕራብ ሸዋ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። በመጋቢት 1967 ዓ.ም.፣ የመሬቱ አዋጅ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሁለቱም በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። በበቾ ሜዳ የመጀመሪያዎቹ የገበሬ ማኅበራት ሊቃነ መናብርታቸውን መምረጥ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።